ከብረት ቁም ሣጥን እስከ ዓለም ግምጃ ቤት

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 6 ቀን 1949 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሠርቶ የቁጥሮችን ካሬ በሠንጠረዥ አትሞ ባወጣ ጊዜ፥ ዋናው ድካም መሣሪያውን መገንባት ነው እንጂ ፕሮግራም መጻፍስ ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነገር ነው የሚለው አሳብ ገና አልፈረሰም ነበር። (በዚህ ትረካ የሚመጡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።) ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ የሥራው አለቃ ሞሪስ ዊልክስ ኤይሪ የሚባለውን የሒሳብ ቀመር የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፈና፥ 126 ትእዛዛት ብቻ ባሉበት በዚያ አጭር ጽሑፍ ውስጥ 20 ያህል ስሕተት ተገኘበት። ዊልክስ በስተርጅናው ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ፥ በዚያን ሰሞን በመሣሪያው ክፍልና በወረቀት መብሻው ክፍል መካከል ባለው ደረጃ ሲመላለስ ሳለ፥ ከቀሪው ዕድሜው ብዙውን የገዛ ራሱን ስሕተት ሲፈልግ እንደሚፈጅ ድንገት እንደ ተገለጠለት ያወሳል።

ለዚህ ጭንቀት የተገኘው መድኃኒት፥ አንድ ጊዜ ተጽፎ፥ ተመርምሮና ታርሞ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠውን የፕሮግራም ክፍል ማንም ሰው ዳግመኛ እንዳይደክምበት በአንድ ስፍራ አኑሮ ለሁሉ ማዋስ ነበር። አሳቡን ወደ ግብር የለወጠው በዚያን ጊዜ ገና ተማሪ የነበረው ዴቪድ ዊለር ነው። ዊለር አንድ ፕሮግራም ሥራውን አቋርጦ ወደ ንዑስ ፕሮግራም የሚሄድበትን፥ ንዑስ ፕሮግራሙም ተግባሩን ፈጽሞ ወደ መጣበት የሚመለስበትን ዘዴ አበጀ፤ ዘዴውም እስከ ዛሬ የዊለር ዝላይ ተብሎ በስሙ ይጠራል። ከዚህም ሌላ፥ የተዋሱት ጽሑፍ በመሣሪያው ማኅደር ውስጥ በየትኛውም ስፍራ ቢያርፍ አድራሻው እየተስተካከለ ይሠራ ዘንድ የሚያስችሉ የመነሻ ትእዛዛትን ጻፈ፤ ቁጥራቸውም 41 ብቻ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ዛሬ ፓኬጅ ማናጀር የምንለው መሣሪያ ታሪክ ከነዚህ 41 ትእዛዛት ይጀምራል፤ ኮድ መስጠትማ ቀላል ነው፥ የተሰጠው ኮድ በተቀባዩ ቤት እንዲስማማ ማድረግ ግን ሁልጊዜም ጥበብን የሚጠይቅ ሆኖ ኖሯል።

ንዑስ ፕሮግራሞቹ የተመዘገቡት በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ ሲሆን፥ ጥቅልሎቹም በአንድ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ በየወገናቸው ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። ለእያንዳንዱ ወገን መለያ ፊደል ተሰጥቶት፥ የማካፈል ሥራ በዲ፥ የማተም ሥራ በፒ፥ የትሪጎኖሜትሪ ስሌት በቲ ይታወቅ ነበር። ፕሮግራም የሚያዘጋጀው ሰው የፈለገውን ጥቅልል ከሣጥኑ አውጥቶ፥ በመገልበጫ መሣሪያ ቀዳዳ በቀዳዳ በራሱ ወረቀት ላይ ይቀዳና፥ ዋናውን ወደ ስፍራው ይመልሳል። በ1951 ዊልክስ፥ ዊለርና ስታንሊ ጊል በአንድነት ያዘጋጁት መጽሐፍ ይህን ሁሉ ሥርዓት ለዓለም ሲገልጥ፥ በዚያ ሣጥን ውስጥ 87 ንዑስ ፕሮግራሞች ተከማችተው ነበር። አንባቢ በተለይ ልብ እንዲልልኝ የምሻው፥ በዚያን ዘመን ተዋሹ አዋሹን በመልክ ያውቀው እንደ ነበረ ነው። በጥቅልሉ ላይ አንዳች ጉድለት ቢገኝ ጸሓፊው ከዚያው ከቤተ ሙከራው ሰዎች አንዱ ነበርና፥ ጥያቄውም መልሱም ከሕንፃው ሳይወጣ ያልቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን ፈጥኜ አልፋለሁ። በ1955 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የነበሩ የአውሮፕላን ሠሪ ኩባንያዎች፥ አይቢኤም ሊያወጣው ለተዘጋጀው 704 ለተባለ ኮምፒዩተር እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ፕሮግራም ከሚጽፉለት ይልቅ ሥራውን ቢከፋፈሉ እንደሚሻል ተረድተው ሼር የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ በገበያ የሚፎካከሩ ድርጅቶች ፕሮግራም በካርድና በቴፕ እየተላላኩ የተዋዋሱበት ዘመን ይህ ነው። አይቢኤም እስከ 1969 ድረስ ሶፍትዌሩን ከመሣሪያው ጋር አዳብሎ ይሰጥ ስለ ነበር፥ ፕሮግራም ራሱን የቻለ የንግድ ዕቃ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር። ቴፑ ግን በፖስታ ስለሚሄድ፥ ላኪው አድራሻ መጻፍ፥ ጥቅል ማሰርና ማን ምን እንደ ወሰደ በመዝገብ መያዝ ነበረበት፤ ይህ አታካች ሥራ በአዋሽና በተዋሽ መካከል አንድ ሰው ሁልጊዜ እንዲቆም ያስገድድ ነበር።

ይህን መካከለኛ ሰው መጀመሪያ ያነሣው፥ በ1985 ጃክ ዶንጋራና ኤሪክ ግሮስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ አንደኛው በኢሊኖይ በአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ፥ ሁለተኛው በኒው ጀርሲ በቤል ቤተ ሙከራ ሆነው ያቋቋሙት ኔትሊብ ነው። አሠራሩ ለዘመኑ እጅግ የሚያስደንቅ ነበር። የሒሳብ ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው ወደ ታወቀው አድራሻ በኢሜይል «ሴንድ ኢንዴክስ» ብሎ ሁለት ቃል ይጽፋል፤ በዚያ ማዶ ያለው ማሽን ማንም ሰው ሳይነካው ደብዳቤውን አንብቦ ማውጫውን ይልክለታል። ከማውጫው መርጦ አንድ ንዑስ ፕሮግራም በስሙ ቢጠይቅ ደግሞ፥ ማሽኑ ያንን ብቻ ሳይሆን ያ የሚጠራቸውን፥ እነዚያም የሚጠሯቸውን ሌሎች ሁሉ አሰባስቦ በመልስ ይሰድለታል፤ ተከታዮቹን የማይፈልግ ሰው «ኦንሊ» የሚል ቃል መጨመር ነበረበት። አንድ ኮድ ሌላውን ተማምኖ የሚቆምበት ይህ ግንኙነት፥ የዛሬ ባለሙያዎች ዲፔንደንሲ የሚሉት፥ እኛም ጥገኝነት የምንለው፥ ያለ ሰው እጅ መፈታት የጀመረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ወደ መዝገቡ የሚገባውን ኮድ የሚመርጡት አሁንም ሁለቱ ሊቃውንትና ባልንጀሮቻቸው ነበሩ፤ ማሽኑ የተረከበው የማደሉን ሥራ እንጂ የመምረጡን ሥልጣን አልነበረም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፥ የሊቁ የዶናልድ ክኑት የጽሑፍ ማቀናበሪያ የሆነው የቴክ የተበተኑ ተጨማሪ ሥራዎች በጀርመን፥ በእንግሊዝና በአሜሪካ በተተከሉ ሦስት ሰርቨሮች ላይ፥ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ እንዲኖር ተደርጎ፥ ሲታን የሚባለው መዝገብ ተቋቋመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፥ በኦክቶበር 1995፥ የፊንላንዱ ያርኮ ሂየታኒየሚ ከሲታን ምሳሌ ወስዶ ፐርል ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲፓንን ለሕዝብ ገለጠ፤ ዋናው ማኅደርም የፊንላንድ ዩኒቨርሲቲዎች በሚገለገሉበት መረብ ላይ ተተከለ። በነዚህ ሁለት መዝገቦች ውስጥ የኛም ፊደል ስፍራ አላጣም፤ በሲታን ውስጥ አማርኛን በቴክ ለማተም የሚያገለግለው፥ ብርሃኑ በየነ ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ኢትዮፕ የተባለ ፓኬጅ ይገኛል፤ በሲፓን ውስጥ ደግሞ የዳንኤል ያዕቆብ ሥራዎች አሉ። ከነዚህም አንዱ የተለመደውን ቁጥር ወደ ግእዝ አኃዝ፥ የግእዙንም አኃዝ ወደ ተለመደው የሚመልስ፥ ሌላው ዘመንን በኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር ነው። የፐርልን ቋንቋ የሚያውቅ ማንኛውም ሰው፥ በቶኪዮም ይሁን በቦነስ አይረስ፥ አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ ፲፱፻፺፭ን ማንበብ የሚችል ኮድ በደቂቃ ውስጥ ከገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ያኖራል።

ሲፓን ያመጣው ታላቅ ለውጥ የበሩ መከፈት ነው። ማንም ሰው ስሙን አስመዝግቦ ሥራውን ማኖር ይችላል፤ ከማኖሩ በፊት የሚመረምረው ሊቅ የለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዱን አዲስ ሥራ በየራሳቸው ኮምፒዩተር ላይ እየጫኑ፥ ሠራ ወይም አልሠራም የሚለውን ውጤት ለሁሉ የሚያሳውቁበትን ልማድ አቋቋሙ። ይህ ልማድ ጉድለትን ያጋልጣል፤ ክፋትን ግን እንዲያጋልጥ አልታሰበም፥ በዚያን ጊዜም ክፋትን የጠረጠረ ሰው ብዙ አልነበረም።

በዚሁ ዘመን ሌላው መንገድ በሌላ ወገን ተቀየሰ። ኦገስት 16 ቀን 1993 ኢያን መርዶክ የተባለ የአሜሪካ ተማሪ፥ የወዳጁን የዴብራን ስምና የራሱን ስም አጋጥሞ ዴቢያን ያለውን፥ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ስብስብ መጀመሩን ለዓለም አስታወቀ። የስብስቡ ዓላማ በልዩ ልዩ ሰዎች የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች እንደ አንድ አካል ሆነው እንዲሠሩ ማድረግ ስለ ነበር፥ ዲፒኬጂ የተባለ መሣሪያ ተበጀለት፤ በ1994ም ኢያን ጃክሰን እንደገና ጻፈው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፓኬጅ ከሆዱ ውስጥ አንዲት አጭር ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። በጽሑፏም ላይ የፓኬጁ ስም፥ የእትሙ ቁጥር፥ ኀላፊ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ስምና የኢሜይል አድራሻ፥ እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ሌሎች ፓኬጆችና ከማን ጋር እንደማይስማማ በየመስመሩ ተዘርዝሮ ይገኛል። እኔ ይህችን ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስተኝ የሰው ስም ያለበት መስመር ነው። በዴቢያን ዘንድ ጠባቂ ለመሆን የሚሻ አዲስ ሰው፥ ቀድሞ አባል ከሆነ ሰው ጋር በአካል ተገናኝቶ፥ ፓስፖርቱን ወይም መታወቂያውን አሳይቶ፥ የፊርማ ቁልፉን ማስመስከር ነበረበት። ፓኬጁም እንደ ተጻፈ ወደ ሕዝብ አይወጣም፤ መጀመሪያ ገና ባልጸናው ክፍል፥ ቀጥሎ በሙከራው፥ በመጨረሻም ከብዙ ወራት በኋላ በጸናው ክፍል ይቆማል። በዚህ ዝግታ የሚሳለቁ ብዙዎች ነበሩ፤ የዝግታው ጥቅም ከጊዜ በኋላ ይታያል።

የዲፒኬጂ ጉድለት፥ የጎደለውን ነገር ነግሮ መተው እንጂ ራሱ ሄዶ አለማምጣቱ ነበር። በ1998 የተጀመረውና በማርች 1999 ከወጣው የዴቢያን እትም ጋር ለሕዝብ የደረሰው አፕት ይህን ሸክም ከሰው ጫንቃ አነሣ፤ ሰውዬው የሚሻውን አንድ ስም ሲጽፍ መሣሪያው ተከታዮቹን ሁሉ ቆጥሮ፥ ከሰርቨር አውርዶ፥ በተገቢው ቅደም ተከተል ይጭናቸዋል። (ጸሓፊዎቹ ጨዋታ አዋቂዎች ስለ ነበሩ፥ «አፕት-ጌት ሙ» ብሎ ለሚያዘው ሰው መሣሪያው በፊደላት የተሳለች ላም ያሳየዋል፤ ብዙ ተማሪዎች ከቁም ነገሩ አስቀድመው የሚማሩት ይህን ነው።) ሬድ ሃት በተባለው በሌላው የሊኑክስ ስብስብ ወገንም በ1995 አርፒኤም የተባለው ዲፒኬጂን የሚመስል መሣሪያ ወጥቶ ነበርና፥ በዘመኑ ፍጻሜ ላይ ሊኑክስን ከሚጠቀሙት ሰዎች አብዛኞቹ በአንዱ ወይም በሌላው ሥርዓት የሚተዳደሩ ሆኑ።

ነገሩ ከቀለለ በኋላ ግን ሌላ ጭንቅ መጣ። ድግስ ደጋሹ አንዱን ሰው ቢጠራ፥ የተጠራው ወዳጁን፥ ወዳጁም ወንድሙን አስከትሎ እንደሚመጣ ሁሉ፥ አንድ ፓኬጅ ሲጫን የማይታወቁ ብዙዎች ይከተሉታል፤ ከነዚህም አንዱ የአንድን ላይብረሪ፥ ማለት የንዑስ ፕሮግራሞች ስብስብ፥ አሮጌ እትም፥ ሌላው የዚያኑ ላይብረሪ አዲስ እትም ካልሆነ አልሠራም ይላል፥ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ለሁለቱ እትሞች በአንድነት ስፍራ የለም። ባለሙያዎቹ በምሬት የጥገኝነት ሲኦል ብለው የጠሩት ይህ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ኤዶስ በተባለ የአውሮፓ የምርምር ሥራ የተሰማሩ ሊቃውንት፥ አንድ ፓኬጅ ከነተከታዮቹ ያለ ጠብ ሊጫን ይችል እንደ ሆነ የመወሰኑ ጥያቄ፥ በጠቅላላው ሲታይ የኮምፒዩተር ሳይንስ አጭር መንገድ ካላገኘላቸው ብርቱ እንቆቅልሾች ወገን መሆኑን በሒሳብ አስረዱ። በዚሁ ጊዜ በኔዘርላንድ በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ኤልኮ ዶልስትራ፥ ኒክስ በተባለው ሥራው፥ እያንዳንዱን እትም ከተሠራበት ነገር ሁሉ በተቀመረ ልዩ መለያ በየራሱ ስፍራ ቢያኖሩት ጠቡ ከነሥሩ እንደሚቀር አሳየ። የዶልስትራ መፍትሔ በሊቃውንት ዘንድ ቢመሰገንም፥ አብዛኛው ሰው የተከተለው ሌላ አቋራጭ ነው።

ከፐርል ሌላ ያሉት የፕሮግራም ቋንቋዎችም ብዙዎቹ የየራሳቸውን መዝገብ ያቋቋሙት በዚህ ጊዜ ነው። ፓይተን በ2003 ፓይፒአይን ከፈተ፤ ባለቤቶቹም እንግሊዛውያን ቀልደኞች ከሠሩት ቴአትር ወስደው የአይብ ሱቅ ይሉት ነበር። የሩቢ ቋንቋ ወዳጆች በዚያው ዓመት በኖቬምበር በኦስቲን ከተማ ለጉባኤ በተሰበሰቡበት ጊዜ ጂም ዋይሪክ፥ ቻድ ፋውለርና ባልንጀሮቻቸው ሩቢጄምስን ጽፈው አሠሩ፥ በማርች 14 ቀን 2004ም ለሕዝብ ሰጡት። ቀኑ በአሜሪካውያን አጻጻፍ 3.14 ስለሚሆን የተመረጠው ለጨዋታ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡትን ሁሉ ብዘረዝር አንባቢን ማሰልቸት ይሆናል።

በ2010 መጀመሪያ አይዛክ ሽሉተር የጃቫስክሪፕት ቋንቋ ማሠሪያ ለሆነው ለኖድ ጄኤስ ያወጣው ኤንፒኤም ግን ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው። ሽሉተር የጥገኝነትን ሲኦል ያመለጠው ጠቡን በመፍታት ሳይሆን ለያንዳንዱ ባለጉዳይ የራሱን ቅጂ በመስጠት ነው፤ ሁለት ፓኬጆች የአንድን ላይብረሪ ሁለት እትሞች ቢሹ፥ ሁለቱም እትሞች በየባለቤታቸው ሥር ባለ ፎልደር ይቀመጣሉ፥ በጃቫስክሪፕትም ይህ ያለ ችግር ይሠራል። እንግዲህ በፊት አንድ ሰው አዲስ ጥገኝነት ከመጨመሩ አስቀድሞ የሚመጣበትን መከራ ፈርቶ ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር፤ መከራው ሲነሣ ማሰቡም አብሮ ቀረ። ሦስት መስመር የምታህል ሥራ ሳትቀር ራሷን የቻለች ፓኬጅ ሆና መውጣት ጀመረች፥ የኤንፒኤምም መዝገብ በ2019 ከ1 ሚሊዮን ፓኬጆች በላይ የያዘ ሆነ። እኔ እንደማምነው፥ ከዚህ ወዲህ የደረሰው ጥፋት ሁሉ የዚህ ምቾት ልጅ ነው፤ ይህንም ስል የሽሉተርን ብልኀት ለመንቀፍ አይደለም፥ እርሱ የተጠየቀውን ችግር በሚገባ ፈትቷልና።

በማርች 2016 የሆነው ነገር ይህን ለዓለም አስረዳ። አዘር ኮቹሉ የተባለ ጸሓፊ ኪክ የሚል ስም ያለው ፓኬጅ በኤንፒኤም መዝገብ አኑሮ ነበር፤ በዚሁ ስም የመልእክት አገልግሎት የሚሰጥ አንድ የካናዳ ኩባንያ ደግሞ ስሙ ይገባኛል ብሎ ጠየቀው፥ እርሱም እንቢ አለ። የመዝገቡ አስተዳዳሪዎች ለኩባንያው ፈረዱለት። ኮቹሉ በፍርዱ ተቈጥቶ በማርች 22 ቀን 273 የሚሆኑ ፓኬጆቹን ሁሉ ከመዝገቡ አነሣ። ከነዚህ መካከል ሌፍት ፓድ የምትባል፥ 11 መስመር ብቻ ያላት ሥራ ነበረች፤ ግብሯም አንድ ጽሑፍ የተፈለገውን ርዝመት እስኪያክል ድረስ ከስተግራው በኩል ባዶ ቦታ ወይም ዜሮ መሙላት፥ ለምሳሌ 7ን 007 ማድረግ ነበር። የፕሮግራም ትምህርት የጀመረ ልጅ ከምሳ በፊት ሊጽፋት የሚችላት ይህች ሥራ፥ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ 2.5 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ወርዳ ነበር፤ የሚያወርዷት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ስሟን ሰምተው አያውቁም፥ ባቤል የተባለው ታላቅ መሣሪያ ከሚጠራቸው አንዱ እርሷን ይጠራ ነበርና። በደቂቃዎች ውስጥ በየአገሩ የሚገኙ ፕሮግራመሮች ሥራቸው ቆሞባቸው ቀይ የስሕተት መልእክት ሲመለከቱ ዋሉ። አንድ ሌላ ሰው ያንኑ የሚመስል ኮድ በዚያው ስም ፈጥኖ ቢያስቀምጥም፥ እትሙን 1.0.0 ብሎ ስለ ቈጠረውና ብዙ ፓኬጆች 0.0.3 ካልሆነ ስለማይቀበሉ መከራው አላበቃም። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ አስተዳዳሪዎቹ ባለቤቱ ያነሣውን እትም ከቅጂ መልሰው አኖሩት፤ ከዚያም በሳምንቱ፥ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየን ፓኬጅ ባለቤቱ ለብቻው ማንሣት እንዳይችል ደንብ ወጣ። ባለቤትነትና ባለአደራነት የተለያዩት በዚህ ደንብ ነው፤ የገዛ ሥራውን በነጻ የሰጠ ሰው መልሶ ሊያነሣው እንደማይችል የተነገረው ከሰጠ በኋላ መሆኑ ግን ዛሬም ቅር ያሰኘኛል።

ሌፍት ፓድ የጠፋ ነገር የሚያደርሰውን አሳየ፤ ያለ ነገር የሚያደርሰው የባሰ መሆኑ የታወቀው በ2018 ነው። ኢቨንት ስትሪም የተባለውን ፓኬጅ የጻፈው ዶሚኒክ ታር ከሥራው ከራቀ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበርና፥ እኔ ልጠብቀው ብሎ በኢሜይል ለለመነው ለማያውቀው ሰው አስረከበው። አዲሱ ጠባቂ ጥቂት ደኅና ሥራ ሠርቶ ከታመነ በኋላ አንዲት ትንሽ ጥገኝነት ጨመረ፤ በውስጧም ኮፔ ከተባለው የቢትኮይን ቦርሳ ቁልፍ የሚሰርቅ ኮድ ተሰውሮ ነበር፥ የተገኘውም ከሁለት ወር በኋላ ነው። ታር ነገሩ ሲገለጥ በሰጠው ቃል፥ ከዚህ ሥራ አንዳች ጥቅም እንዳላገኘና ራሱም መጠቀም ከተወ ዓመታት እንዳለፉት በግልጥ ተናገረ። በ2021 ደግሞ አሌክስ ቢርሳን የተባለ መርማሪ፥ ታላላቅ ኩባንያዎች በውስጥ ብቻ የሚገለገሉባቸውን የፓኬጅ ስሞች ፈልጎ፥ በሕዝብ መዝገቦች ላይ በነዚያው ስሞች የራሱን ኮድ ቢያኖር፥ የነአፕልና የነማይክሮሶፍት ኮምፒዩተሮች ሳይቀሩ አውርደው እንደሚያሠሩት በተግባር አሳየ፤ ኩባንያዎቹም ስላስጠነቀቃቸው ከ130,000 ዶላር በላይ ሸለሙት።

የመጨረሻው ታሪክ ወደ ፊንላንድ ይመልሰናል። ላሴ ኮሊን የተባለ ሰው ፋይልን ጨምቆ የሚያሳንስ ኤክስዚ የተባለ ሥራ ለብዙ ዓመታት ብቻውን፥ ያለ ክፍያ ይጠብቅ ነበር፤ ይህ ሥራ ግን ሊኑክስ በሚሠራባቸው በአብዛኞቹ ሰርቨሮች ላይ የሚገኝ ነው። በ2021 መጨረሻ ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ፥ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው መጥቶ ይረዳው ጀመር። በ2022 ከዚያ በፊት ስማቸው ያልተሰማ ጥቂት ሰዎች፥ ሥራው ዘገየ፥ ሌላ ጠባቂ ይሾም እያሉ ኮሊንን ወተወቱት፤ ኮሊንም የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበትና ሥራውም ያለ ደመወዝ በትርፍ ጊዜው የሚሠራው መሆኑን ገልጦ መለሰላቸው። እንዲህ እየሆነ ሥልጣኑ ጥቂት በጥቂት ወደ ጂያ ታን አለፈ። ሰውዬው ከሁለት ዓመት በላይ ታግሦ መልካም ሥራ ሲሠራ ኖረና፥ በፌብሩዋሪ 2024 እትም 5.6.0ን፥ በማርችም 5.6.1ን አወጣ። መርዙ ሁሉም ሰው በሚያየው ዋና ኮድ ውስጥ አልነበረም፤ ለመመርመሪያ ከሚያገለግሉ የተበላሹ መሳይ ፋይሎች ውስጥ ተሰውሮ፥ የሚቀሰቅሰው ትእዛዝ ደግሞ ተጠቅልሎ ለአከፋፋዮች በሚሰጠው ቅጂ ላይ ብቻ ተጨምሮ ነበር። ኢላማውም ኤስኤስኤች የተባለው የሰርቨር በር ነው። ኤስኤስኤች ራሱ ኤክስዚን አይጠራም፤ ነገር ግን ዴቢያንና ሬድ ሃት ኤስኤስኤችን ሲስተምዲ ከተባለው ሥርዓት ጋር አያይዘውት ነበር፥ ሲስተምዲም ኤክስዚን ይጠራ ነበር፤ በዚህ ዘወርዋራ መንገድ የምስጢሩን ቁልፍ የያዘ ሰው የተመረዘው እትም በገባበት በማናቸውም እንዲህ ባለ ሰርቨር ላይ የፈለገውን ለማዘዝ እንዲችል ተደርጎ ነበር።

ይህን የያዘው ጠባቂም ሆነ የመመርመሪያ መሣሪያ አይደለም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ባለሙያ፥ ገና ያልጸናውን የዴቢያን እትም በሚያሠራ ኮምፒዩተሩ ላይ የፍጥነት ልኬት ሲያካሂድ፥ በኤስኤስኤች መግባት ያለ ምክንያት እንደ ዘገየ አስተዋለ። ቀድሞ 0.3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅ የነበረው አሁን 0.8 ደርሶ ነበር። ሌላ ሰው በግማሽ ሴኮንድ ባልተጨነቀ፤ ፍሮይንድ ግን ምክንያቱን ከሥር ከሥር እየተከተለ ከኤክስዚ ደረሰ፥ የምዕራባውያን የስቅለት ዓርብ በነበረው በማርች 29 ቀን 2024ም ያገኘውን ሁሉ ዘርዝሮ ለዓለም አስታወቀ።

የዴቢያን የጸናው ክፍል አሮጌውን እትም ይዞ ስለ ነበር ጉዳቱ አልደረሰበትም፤ ዝግታው የጠቀመው በዚህ ነው። ገና ያልጸናውን ክፍል ለማዳን ግን ጠባቂዎቹ አንድ ዘዴ መፈለግ ነበረባቸው፥ አፕት ሁልጊዜ ከፍ ያለውን ቁጥር አዲስ ነው ብሎ ስለሚወስድ፥ ከ5.6.1 ወደ 5.4.5 ተመለስ ቢሉት በጄ አይልምና። ስለዚህም አሮጌውን ደኅና ኮድ አምጥተው «5.6.1+ሪሊ5.4.5-1» የሚል የእትም ቁጥር ሰጡት፤ ሰው ሲያነበው በእውነቱ 5.4.5 መሆኑን ይረዳል፥ መሣሪያው ግን ካለፈው የበለጠ ቁጥር መጣልኝ ብሎ በየኮምፒዩተሩ ላይ ጫነው። ላሴ ኮሊንም ከዕረፍቱ ተመልሶ የዚያን ስውር ሰው ሥራ ሲመረምር ሰነበተና፥ በሜይ 29 ቀን 2024 መርዙ የወጣለትን እትም 5.6.2ን በራሱ ቁልፍ ፈርሞ አወጣ።